መስመር ሰባት

ክረምቱን በሙሉ፣ ቡርጎስ በረዶ ሲጥል፣
እኔ ከወጥ ቤት ነኝ፣ እርሳሴን የምስል።
ስፔን ተዘርግታ ከጠረጴዛው ላይ፣
ጋሊሲያ ከዳቦው፣ አልሜሪያ ከሻይ፣
ማድሪድ ዘይት ነክቷት ስታበራ እንደ ፀሐይ።
እኔ ኒካሲዮ፣ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሹም፣
ያለ ማስመሪያ አንድ ቀን ውዬ አላውቅም።

«አንደኛ ሌሊት ሶሪያ፤ ውሃ አለ፣ መብራት አለ፤
ሁለተኛው ቴሩኤል፤ ኪራዩ የቀለለ፤
ሦስተኛው ኩዌንካ፣ ከጥዱ መካከል፤
የፍሳሽ መድፊያው ግን ትንሽ ይርቃል፤
ከዚያ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ካቦ ዴ ጋታ፤
ከፀሐይ ቀድሞ ማረፍ፣ መንዳት የለም ማታ።»

ካሲልዳ ትሰማኛለች፣ ሽንኩርት እየላጠች።
ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድታለች፤
መስመር ቁጥር ሰባት፤ ከባቡር ጣቢያው እስከ መቃብሩ በር፣
በቀን አሥራ አራት ጊዜ፣ ያው ዛፍ፣ ያው ግንብ፣ ያው ሰፈር።
«መንገዱን አንተ ምረጥ፣ መሪውን ተውልኝ፤
ብቻ መጨረሻውን መቃብር አታድርግብኝ።»

በሚያዝያ ወጣን። ቤት ያዘለው መኪና
እንደ ቀንድ አውጣ ዳገቱን ያዘና፣
ሳህኑ ሲንጫጫ፣ ቁም ሳጥኑ ሲያቃስት፣
«ወደ ቀኝ» እላለሁ፣ ካርታውን ስከፍት፤
ወደ ቀኝ ትዞራለች፤
አርባ ዓመት ያልሰማችኝ ዛሬ ትሰማለች።
የአውቶቡስ ፌርማታ ባየች ቁጥር ግን እግሯ
ፍሬን ይነካል፤ ልማዱ ገብቷል እስከ ሥሯ።

ከሶሪያ በፊት አገሩ ሰው ያጣል፤
በሩ ተቆልፎ ጣራው ወደ ውስጥ ሰምጧል፤
ከደወሉ ማማ ሽመላ ብቻ ጎጆዋን ታድሳለች፣
ሕፃን በሌለበት ትምህርት ቤት አጥር ላይ ድመት ትተኛለች።
ዝናብ ጀመረ። ከቫልደሪኖ አፋፍ፣
ዝገት ከበላው ጥላ ሥር፣ ከመንገዱ ጫፍ፣
አንድ ሽማግሌ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣
አስቆመን ምርኩዙን ወደ ሰማይ አንሥቶ።

ፍሬኑ ተያዘ።
በሩ ተከፈተ።
«ወደ ሶሪያ ነው?» አለ።
«ነው፤ ይግቡ» አለችው፣ ዐይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣
ልክ እንደ ድሮው፣ ደመወዝ እንደሚከፈላት ያህል።

ሳንቲሙን ቆጥሮ ከካርታዬ ላይ አኖረ፤
አልጋውን፣ ምድጃውን፣ መጋረጃውን መረመረ፤
«አዲሱ አውቶቡስ ደኅና ነው» አለን፣ «ቢዘገይም እንኳ።»
«ብዙ ጠበቁ እንዴ?» አልሁት።
«መስመሩን ካነሡት ስድስት ዓመት ሆነ።
እኔ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ እወጣለሁ።
ሰው ቆሞ ከጠበቀ ፌርማታ ነው፤
ሰው ከሌለ ብረት ነው።»
ስሙ ኤሊዮዶሮ ነበር፤
የሚሄደው ፀጉሩን ለመስተካከል ነው።

ሶሪያ፣ ከፀጉር ቤቱ ደጅ፣ ቆመን ጠበቅነው።
ሰዓቴን አሳየኋት፤ የካምፑ በር ይዘጋል፣
ውሃውም፣ መብራቱም፣ ቀብዱም ያልፍብናል።
«መስመር» አለች ካሲልዳ፣ «ደርሶ መልስ ነው።
ሰው ወስጄ ጥዬ መጥቼ አላውቅም፤ እንመልሰው።»

ያን ሌሊት አደርን ከቫልደሪኖ አውድማ፣
ዋጋ ያልወጣለት፣ ከካርታዬ የሌለ፣ መብራት የሌለው ጨለማ።
ኤሊዮዶሮ በፋኖስ መጣ፣ ስድስት እንቁላል በኪሱ፤
አንዱ በመንገድ ፈንድቶ ተበላሽቷል ልብሱ።
ፀጉሩ ተቆርጦ
ጆሮው ትልቅ ሆኗል።

እሱ ሲሄድ ካርታውን በእጅ ባትሪ አየሁት፤
ከኮፍያው የወረደው ጠብታ
ካቦ ዴ ጋታን አብስብሶት
በጣቴ ስነካው ተቀደደ።
ባሕሩ ከነነጥቡ ከጥፍሬ ሥር ቀረ።

ጠዋት እርሳሴን ፈለግሁ፤ የለም።
እሷ ዘንድ ነው። ከብስኩት ካርቶን ላይ
ሰባት ቁጥር ጽፋ፣ ትልቅ፣ ትንሽ ዘመም ያለ፣
ከፊት መስታወቱ ታስደግፋለች።
«ባሕሩስ?» አልኋት።
«ባሕሩ ፌርማታ ላይ ቆሞ አይጠብቀንም» አለች።
ሞተሩ ተነሣ።
እኔም ማስመሪያዬን ከኪሴ አወጣሁ፣
ቀጣዩ መንደር ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ለካሁ።