ያልተዘጋ

ከዘጌ በጀልባ ተሳፍራ ማልዳ፣
እትየ ደጊቱ፣ የሙሽሪት እናት፣
ቆመች ከሱቄ በር ልትጠይቀኝ ዕዳ።
በነጠላዋ ጫፍ እንደ ብር ቋጥራ
ያመጣችው ዲስክ የኔው የእጅ ሥራ፤
«የውዴ ሠርግ» ብዬ
በቀይ እስክሪብቶ አሳምሬ የጻፍሁበት፣
የአውራ ጣቴ አሻራ ዛሬም ያለበት።

«ሰው ጠራሁ እኮ እኔ፣ ቄሱን ሳይቀር ጠራሁ፣
ወንበር ተውሼ ግቢውን ሞላሁ።
ጄነሬተር ጭምር አመጣን በኪራይ፤
ማጫወቻው ዋጠው፣ አጉረመረመና
‹ዲስክ የለም› አለ በሰማያዊ ላይ።
የወንድሜ ልጅ ነው ጮክ ብሎ ያነበበው፤
የለም? በሬ የሸጥሁበትን ሠርግ ማን ነው የሰለበው?
አማቾቼማ እዚሁ ከተማ
ሦስቴ አይተውታል፣ እኔ ነኝ የቀረሁ በወሬ ስሰማ።»

እንደ ሐኪም ሆኜ ወደ መስኮት ያዝሁት፣
ፕላስ ነው? ማይነስ ነው? ጠርዙን አነበብሁት።
አንዳንዱ ማጫወቻ
ማይነስ ብቻ ይበላል፣ ፕላስ ሲያጎርሱት ይተፋል፤
ሌላው፣ ስም የሌለው፣ በመተማ የገባው፣
ያገኘውን ሁሉ ይቀረጥፋል።
ማይነስ ነው። ጭረት የለው። ጠረግሁት በሸሚዜ።
ታዲያ ምን ነካው? ትዝ አለኝ፦ መብራት የሄደ ጊዜ፣
የሙሽራውን ወገን ዘግቼ ስጨርስ፣
የሷን ሳልዘጋ ጨለመ፤
ነጋ፤ ረሳሁት እስከ ዛሬ ድረስ።

«እትየ» አልኋት፣ «ዲስኩ አልተዘጋም።
ካልተዘጋ ደግሞ
ከጻፈችው መቅጃ፣ ከዚች ከኔዋ በቀር፣ ከማንም አያወጋም።
ለሰው እንዲከፈት መዘጋት አለበት።»
«ተዘግቶ የሚከፈት? ይኸ የደብተራ ነገር ነው» አለችና ሣቀችበት።

አስቀመጥኋት በርጩማ ላይ፣ በመቅጃዋ አጫወትሁላት።
ውዴ ጀልባ ስትሳፈር፣
ነፋስ ቬሎዋን ነጥቆ ለሐይቁ ሲያለብስላት፤
አባቷ አቶ አንሙት፣ አንድ እግሩ ጭቃ ውስጥ፣
ጫማውን ሲፈልግ፣ ሚዜው ሲገላምጥ።
እትየ ደጊቱ አላለቀሰችም።
ጣቷን ወደ መስታወቱ ዘርግታ
«ያች ዣንጥላ የኔ ናት፣ አልመለሱልኝም» አለች።

ልዘጋው ስል ግን እጄን ያዘችኝ፤
«ሲዘጋ፣ ሌላ ነገር አይገባበትም?»
«አይገባም።»
«ስንት ቀርቶታል?»
«አሥራ ሁለት ደቂቃ።»
ዝም አለች።
የጀልባው ነጂ ከወደቡ ጮኸ።
«ክርስትና» አለችኝ፣ «በስንት ደቂቃ ያልቃል?»

ሌላ ቀዳሁላት፤ ያንን ዘጋሁት፣ ለጎረቤት።
ይኸኛው እኔ ጋ ቀረ፣ በመሳቢያው ሆድ፣ አፉ እንደተከፈተ።

ሱቄ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤
ልጆች ፍላሽ ሰክተው ዘፈን ቀድተው ይሄዳሉ።
ልዋጩ «አሮጌ ዲቪዲ!» እያለ
በጊዮርጊስ በኩል ሲያልፍ፣ ድምፄን አጠፋለሁ።
መቅጃዋ አቧራ ለብሳ ከባንኮኒው ሥር አለች፤
አንዲት ቋንቋ ታውቃለች፣
እሷንም የምታወራው ካንድ ዲስክ ጋር ብቻ።

ውዴ ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ።
መብራት ያለ ቀን፣ ሱቁ ሰው ሲያጣ፣
አበራትና አያለሁ፦
ቬሎው ይነጠቃል፣ ጫማው ይጠፋል፣
ከዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ፣
ጥቁር።