ሰባት ትኬት

ቅዳሜ ነው ዛሬ፣ በሉዋንሺያ ከተማ፣
ከመዳብ ጉድጓዱ ድምፅ የማይሰማ፤
ማዕድኑ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣
የማዕድኑ ክለብ ግን ዛሬም ይጫወታል።

እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ ትኬት እቆርጣለሁ፣
ከቀትር ጀምሮ ሰው እጠብቃለሁ።
ሰባት ሰው ነው የመጣው። ሰባቱን አውቃለሁ።
አንዱ የበረኛው አጎት ነው፤ ሁለቱ ጡረተኞች፣
መዳብ ሲቆፍሩ የሸበቱ ጓደኞች፤
አራተኛዋ ሴት ኦቾሎኒ ሻጭ ናት፣
ከፍላ ነው የገባች፣ ገዢ ባይኖርላት።
ሁለቱ ፍቅረኞች፣ ኳሱን የማያዩ፣
ከጣሪያው ጥላ ሥር ከሰው የተለዩ።
ሰባተኛው ካፓምብዌ፣ የድሮ አጥቂያችን፣
ሠላሳ አራት ጎል ያለው በዚሁ ሜዳችን።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ፣
ዲሹ ጣሪያው ላይ ወደ ሰማይ የተንጋለለ፤
መግቢያው እንደ እኛው ነው፣ በሳንቲም አይበልጥም፣
ውስጡ ግን ለመርፌ እንኳ መውደቂያ አይሰጥም።
የለንደን ዝናብ በግድግዳው ይወርዳል፣
የእኛ ሜዳ ላይ ነፋስ አቧራ ይነዳል።

ከዚህ ሜዳ አንድ ልጅ፣ ምዌልዋ የሚባል፣
ለእንግሊዝ ተሽጦ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይውላል።
ካሜራው ሲያልፍበት ጉልበቱ ብቻ ይታያል፣
«የኛ ልጅ!» ብሎ አዳራሹ ለጉልበቱ ያጨበጭባል።
የተሸጠበት ገንዘብ በየቢሮው ሲንጠባጠብ፣
ለእኛ የደረሰው አልገዛም አንድ መረብ።

ልጄ ቺሻላም እዚያ ነው፣ ቀይ ማልያ ለብሶ፣
የማያውቀውን ሰው ስም ጀርባው ላይ አንግሦ።
«አባባ» አለኝ ጠዋት፣ «ልጆቻችሁ ቀርፋፎች ናቸው፣
ድጋሚ የለ፣ ካሜራ የለ፤ ማንስ ሊያያቸው?»
ምን ብዬ ልመልስ? ግራ ተከላካያችን ዘብ ቆሞ አድሮ፣
ኳስ እየመጣለት ያዛጋል ፊቱን አዙሮ።

እውነቱን ልናገር፣ ምን ይሠራል ውሸት፣
የእኔም ጆሮ ማዶ ነው፣ ከቆርቆሮው ጩኸት፤
ሕዝቡ «ኦ!» ባለ ቁጥር ልቤ ዘሎ ይወጣል፣
«ስንት ለስንት?» ስለው አላፊው ያላግጣል።

ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ፣ ለንደን ልታገባ ስትደርስ፣
መብራት ድርግም አለ። ግድግዳው ሆነ የኀዘን ልብስ።
ጄኔሬተሩ ተጎተተ፣ አስነጠሰ፣ ዝም አለ፤
አርባ ሰው እየተራገመ መንገዱ ላይ ዋለለ፤
አንዱ አጥራችንን ተደገፈ፣ ሌላውም ተከተለ።
በሩን ገፍተው ገቡ፤ እኔም ዝም አልኳቸው፣
ትኬት ልበል ብዬ አፌ ተያዘ ሳያቸው።

ያኔ ነው ዘበኛው፣ ያ ሲያዛጋ የዋለው፣
ከግማሽ ሜዳ ተነሥቶ አንዱን ሸወደ፣ ሌላውን ጣለው፤
እግሩን የት እንዳሳረፈ እኔ እንጃ፤ ኳሷ ግን ዞረች፣
ብረቱን ስማ በመረቡ ቀዳዳ ወጣች፣
ከኋላ ካለው የበቆሎ ማሳ ገባች።

ጩኸታቸው ጣሪያ አጥቶ በሜዳው ተበተነ፤
ካፓምብዌ ባርኔጣውን አወለቀ። ልጄ ግራ የተጋባ ሆነ።
«ድጋሚው መቼ ነው?» አለኝ፣ የምሩን፣ ሳይቀልድ።
«አለፈ» አልኩት፤ «ኳሷን ከበቆሎው አምጣ፣ ውረድ።»
ሄደ። ቀይ ማልያው በአገዳው መሃል እየታየ፣ እየጠፋ፣
ኳሷን ታቅፎ መጣ፣ አቧራ የለበሰች፣ ግማሿ ያልተነፋ።

ከዚያ ቆርቆሮው በራ፤ ለንደን ተመለሰች፤
«መጣ! መጣ!» ተባለ፤ ሜዳችን ባዶ ቀረች።
አርባው ሰው በበሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ፣
ልጄም ኳሷን ወርውሮ ኋላቸው ገሰገሰ።
በሩ ላይ ግን ቆም አለና፣ «ያ ግራው ማን ይባላል?»
«ሉቢንዳ» አልኩት። ይህን ስም ማን ማልያ ላይ ይጽፋል?

ማታ የክለቡ ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ፣
«ስንት ተመልካች ነበር?» ሲለኝ እስክሪብቶ አንሥቶ፣
«ሰባት በገንዘባቸው» አልኩት፣ «አርባ መብራት ጠፍቶ።»
«ለዚያ አምድ የለኝም» አለኝ፤ ሰባት ብሎ ጻፈ።
እኔም ሳልጠይቀው ቀረሁ፣ ለንደን ላይ ማን እንዳሸነፈ።