ሂስ ከአራተኛ ፎቅ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሠላሳ አንድ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍት የሌለው ደረጃ፣ በጉልበት የሚዘለቅ።
ቅዳሜ ማታ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቧል፣
የእኔ ቴሌቪዥን ከሁሉም ይሰፋል።
«ለዓይነ ስውር ምን ሊሆን?» ይባላል በሹክሹክታ፤
ሹክሹክታ አያመልጠኝም፤ ከጠዋት እስከ ማታ
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በመሥሪያ ቤት ስልክ ላይ
መስመር ሳገናኝ ነው፣ ድምፅ ከድምፅ ስለይ።

እንግዲህ ይህ ሂስ ነው። ፊልሙ የውጭ አገር፣
አፉ ሌላ ሆኖ አማርኛ የሚናገር።
አባትየው፣ ገዳዩ፣ ዳኛውም ጭምር
አንድ ሰው ነው ድምፁ፣ ጉንፋን የያዘው።
ራሱ ገደለ፣ ራሱ ፈረደበት፣
ራሱ ለልጁ ቁጭ ብሎ አለቀሰለት።

ይህንንስ እችላለሁ። የማልችለው፣
ሙዚቃው ብቻውን ሲቀር ነው።
ሶፋው ሁሉ «ውይ!» ይላል።
ምኑ ነው ውይ? ቢላ ነው? ደብዳቤ ነው?
ማን ገባ? ማን ወጣ?
እኔ ባለቤቷ፣ በገዛ ሳሎኔ
ደጅ የቆመች እንግዳ ነኝ፣ ግቢ ያላሏት።

ለሚን የቀጠርኩት ለዚህ ነው።
የብርቄ ልጅ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣
የታክሲ ረዳት፣ ድምፁ ግድግዳ የሚሰነጥቅ።
ክፍያው ፓስታ ነው፣ ከአንድ ለስላሳ ጋር።

መጀመሪያ ሰሞን አበሳ ነበር።
«ቆንጅዬ ልጅ ገባች!»
ቆንጅዬ ማለት ምን? ቁመት ነው? ከንፈር?
«አዘነች» ይለኛል። ማዘኗን ለእኔ ተወው፣
እጇ ምን ያደርጋል? እሱን ንገረኝ።
ደግሞ ይቸኩላል፤ ሰውዬው ሳይሞት «ሞተ!» ይላል፣
ጥይቱ ሳይሰማ ለቅሶ ቤት ያስቀምጠኛል፣
ሲናገሩ ይናገራል፣ ዝም ሲሉ ያኝካል።

«ለሚ» አልኩት፣ «ታክሲው ሲሮጥ ዝም ትላለህ፣
ሲቆም ትጣራለህ፣ አይደል?
ፊልምም እንዲያው ነው። ሲያወሩ ይሄዳል፤
ዝም ሲሉ ፌርማታ ነው። ያኔ ጥራ።»

ገባው። በስንተኛው ቅዳሜ እንደሆነ እንጃ፦
«በስተግራ በር። ተከፈተ። ሽማግሌ። ባዶ ፌስታል።
ቆመ። ፌስታሉን አጠፈ። አራት ቦታ። ኪሱ ከተተው።»
እኔም እጥፋቱን በጣቴ ቆጠርኩ።

ዛሬ ታዲያ፣ መጨረሻው ላይ፣
ያ የፈረንጅ ክር መሳዩ ሙዚቃ ተላዘዘ፣
ሳሎኑ አፍንጫውን ሳበ፣ ትንፋሹን ያዘ፣
ለሚም ዝም።
«ለሚ!»
ዝም።
«ፌርማታ ነው፣ ልጄ!»
ጉሮሮውን ጠረገ።
«እናትየው ጫማ ይዛለች። የልጇን።
ደጃፉ ላይ አኖረችው።
አንዱ ወደ ቤት ዞሯል፣ አንዱ ወደ መንገድ።
አላስተካከለችውም።
በቃ። ጽሑፍ እየወጣ ነው።»

«መዞሩንማ እኔ አላየሁትም» አለች አስካለ፣
ፊት ለፊት የተቀመጠችው፣ ዓይን ያላት።

ነጥብ፦
ለፊልሙ ከአሥር አራት። ሁለቱ የጫማው ናቸው።
ለባለ ጉንፋኑ አንድ፤ ሎሚ ይጠጣ።
ለለሚ ሰባት።
ሦስቱን የያዝኩበት «ቆንጅዬ»ን ስላልተወ ነው፤
ዛሬም ሦስት ጊዜ ብሏታል።

ሰኞ ማለዳ በእነሱ ሚኒባስ ወደ ቃሊቲ ስወርድ
ሒሳብ ይሰበስባል፣ ከሹፌሩ ይነታረካል፣
ከዚያ መኪናው መንገድ ተዘግቶበት ሲቆም፣
ማንም ሳይጠይቀው፦
«በስተቀኝ የጤፍ ማሳ። ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል።
ክሬን ቆሟል። ጫፉ ላይ ወፍ። አንድ።
ማሳው ውስጥ ሰውዬ፣ ጎንበስ ብሏል።
ያጭዳል፣ ወይ የጠፋ ነገር ይፈልጋል። አልለየሁትም።»

የአሥራ ሁለት ሰው ልብስ ተንኮሻኮሸ
ወደ ቀኙ መስኮት።
ስምንት፣ አልኩ በልቤ።
ለእሱ አልነገርኩትም።