የጉልበቴ ነገር

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ደሴ ገና ሳትነቃ፣
ተሳፈርን ከነጃት፣ ሻንጣዋን በሲባጎ አጥብቃ፤
የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ የልብስ ሰፊው የይመር፣
ዲቪ የደረሳት፣ ብቸኛዋ ከሆጤ ሰፈር።
ኮምቦልቻ ድረስ ልሸኛት፣ እስከ አውሮፕላኑ በር፣
በዚያች አጭር መንገድ ምክር ልመክራት ነበር።

«እርስዎ አይተውት የለ?» ትለኛለች፤ እውነት ነው፣ ሦስት ወር አይቻለሁ፣
ልጄ ዘንድ፣ ኦሃዮ፤ በረዶ ሲወርድ በመስኮት ቆጥሬያለሁ።
እናም እንዲህ አልኳት፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንዞር፣
እሷ ወንበሩን ጨብጣ፣ ረዳቱ በር ላይ ሲያንጎራጉር፦

«ነጃትዬ፣
ዕቃ ላይ የተለጠፈው ዋጋ፣ እሱ አይደለም ዋጋው፣
ግብሩ ከፋዩ ፊት ነው ከጓዳ ወጥቶ የሚያወጋው፤
ሰው ቤት ምሳ ቢያቀርቡልሽ ‹ጠግቤያለሁ› እንዳትዪ፣
አንዴ ካልሽ አለቀ፣ ሳህኑ ሲሄድ ታዪ፤
‹በሞቴ› ብሎ ለማኝ፣ ‹አፈር ስሆን› ባይ የለም፣
አፍሽ ካልጠየቀ፣ ዓይንሽን አንብቦ የሚሰጥ አይገኝም።
መንገድ ላይ የማያውቅሽ ሰው ጥርሱን ገልጦ ያልፍሻል፣
‹የት ተዋወቅን?› እያልሽ ቤትሽ እስክትገቢ ያሳስብሻል።
ሳይደውሉ ቤት አይኬድም፤ ልጄ ለገዛ ወንድሙ፣
እኔ ፊት ቀጠሮ ሲይዝ ሰምቼ ዞረብኝ ዓለሙ።
በውርጭ ቀን እንኳ ውሃውን በበረዶ ያቀርባሉ፣
‹ትኩስ ውሃ› ብዬ ብለምን፣ ‹አሞሃል ወይ?› ይላሉ።

ይኼን ሁሉ ብትረሺው ግዴለም። አሁን ግን ዋናውን ስሚ።
‹ሀው አር ዩ› ይሉሻል፤ ጥያቄ እንዳይመስልሽ ፈጽሞ፣
ሰውዬው አልፎ ሄዷል፣ መልስሽ አፍሽ ላይ ቆሞ።
የኛን ሰላምታ ታውቂያለሽ፤ ከፒያሳ ተነሥቶ
አራዳ ይደርሳል፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ አማቱን አንሥቶ፣
ስንለያይም ‹ደህና ነህ ግን?› ነው፣ ጥርጣሬ ገብቶ።

እኔ ሞኙ፣ ሱቅ ብገባ፣ አንዲት ሒሳብ ተቀባይ፣
ደረቷ ላይ ‹ዳርሊን› የሚል ስም፣ ፊቷ የመስከረም ፀሐይ፣
‹ሀው አር ዩ› ስትለኝ፣ ቆሜ መለስኩ እንደ ወጉ፣
በስብርባሪ እንግሊዝኛ፣ ቃላቱ እያነከሱ እየተጠጋጉ፤
ስለ ግራ ጉልበቴ ነገርኳት፣ በውርጭ ስለ መንቋቋቱ፣
ስለ ሮቢት ወጌሻ፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ብርታቱ፤
ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ፤ አንዱ ሳለ፣ አንዱ ሰዓቱን አየ፣
ልጄ በኀፍረት ቀልጦ፣ ፈቀቅ አለ፣ ከእኔ ተለየ።
እሷ ግን እጇን ከማሽኑ አንሥታ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።
በሳምንቱ ተመልሼ ብሄድ፣ ከሩቅ አየችኝ፣
‹ጉልበትህስ?› አለችኝ።

እና ምን ልምከርሽ? ‹ፋይን በዪና እለፊ› ይላል ልጄ፤
እኔ ግን ዳርሊንን ያገኘኋት ‹ፋይን› አልልም ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ነጃት አልሰማችኝም ይሆናል፤ ቦርከናን ታያለች በመስኮት፣
ሦስቴ እናቷ ደወለች፤ ሦስቴ «ገና ነኝ» አለቻት።
ኮምቦልቻ ሙቀቷ ተቀበለን፤ ሹራባችንን ክንዳችን ላይ ጣልን።

በሩ ጋ፣ ሻንጣዋን ሚዛን ላይ ጭና፣ ፓስፖርቷን በጥርሷ ነክሳ፣
ዘወር አለችና፣ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ አብሳ፣
«ጋሽ ሙሄ፣ ሀው አር ዩ?» አለችኝ፣
በሳቅና በለቅሶ መሃል፤ እኔም ደስ አለኝ፤
ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እንግዲህ ጉልበቴ...» ብዬ ስጀምር፣
ፖሊሱ «ቀጣይ!» አለ፤ ገባች፤ ተዘጋ በር።

ሽቅብ በሐረጎ ስመለስ፣ ጉሙ ሲቀበል መኪናውን፣
ረዳቱ «አባባ፣ ደህና ኖት?» አለኝ፣ ሊቀበል ሒሳቡን።
ከግራ ጉልበቴ ጀመርኩለት።
ደሴ መናኸሪያ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ፣
በሩን ይዞ ቆመ፣ እስክጨርስለት።