የገመዱ ልክ

ከጀሞ ማዶ ላይ፣ በፉሪ ወገብ ስር፣
አጋም የከበበው አንድ ዐይን አለ ጥቁር።
ክረምት በጋ ሳይል ቆቡን የማይከድን፣
ድንጋይ ሲወረወር የማይመልስ ድምፁን።
ያገር ሰው ሲያወራ፣ ወለል የለው ይላል፤
ጠቦት ቢወድቅበት አዋሽ ዳር ይወጣል።

ዘንድሮ አቶ ምንውየለት ፕላኑን ጠቅልሎ መጣ፤
አፋፉ ላይ ቆሞ ምራቁን ተፋና ሲጋራ አወጣ።
«ስንት ሲኖትራክ አፈር የሚውጥ ይመስልሃል?
ወርደህ ለካልኝ፤ በሜትር ልክ ይከፈልሃል።»

እኔ መስታወት አጣቢ ነኝ፣ ካዛንቺስ ፎቅ ላይ ተንጠልጥዬ፣
ጀርባዬን ለሰማይ ሰጥቼ፣ የገዛ ፊቴን ሳጥብ ውዬ፣
ወደ ታች መውረድ እንጀራዬ ነው፤ ግን አስፋልት እስክደርስ።
ከአስፋልት በታች የሚቀጥል ሥራ አላየሁም እስከዛሬ ድረስ።

ገመዱን ከምን አለሽ ተራ ገዛሁ፤ መቶ ሜትር ብለው ሸጡልኝ፤
በየአምስት ሜትሩ ቀይ ጨርቅ ሳስርበት ሰባ ላይ አለቀብኝ።
የኦቦ ፈይሳ ልጅ ደቻሳ ጥድ ላይ ሦስቴ አዙሮ፣
እግሩን ተክሎ ያዘልኝ፣ መዳፉን በጆንያ አስሮ።
«አንዴ ከሳብኩ ልቀቅ፤ ሁለቴ ቁም፤ ሦስቴ ጎትት።»
«አራቴስ?» አለ።
ሳቅሁ። ሳልመልስለት ገባሁበት።

አምስት። የአጋም ሥር ክንዴን ቧጠጠኝ።
አሥር። የሲኖዎቹ ጡሩምባ ቀጥኖ ራቀኝ።
ሃያ። ጥቁሩ ድንጋይ ያልበዋል፣ እንደ ታመመ ሰው ግንባር፤
ጠብታው ገባ፣ በራስ ቁሬና በኮሌታዬ መሃል ባለው በር።
ሠላሳ አምስት ላይ ቀና ስል ሰማይ ሳንቲም አክሏል፤
የደቻሳ ጭንቅላት እንደ ዝንብ ጠርዙ ላይ ተለጥፏል።
አርባ አምስት።
የሌሊት ወፍ ክንፍ ጉንጬን መታኝ፤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤
ለማን እንደሆነ እንጃ። ድምፄ ሲመለስልኝ ደነገጥሁ።
ስልሳ ላይ እግሬ አረፈ። አረፈም አይባል፣ ሰመጠ፤
የስንት ዘመን ኩስ፣ ላባና ቅጠል፣ ዱቄት ሆኖ ተቀመጠ።

ባትሪዬን ሳዞር፣ ድንጋይ። የትም ድንጋይ። ጠጠር፣ የጡብ ስባሪ፣
አንድ ሰማያዊ ብይ።
የጣለው ሁሉ፤ ልጅ፣ መንገደኛ፣ ከክፍል የቀረ ተማሪ፣
ጥሎ፣ ጆሮውን ሰጥቶ፣ ጠብቆ ጠብቆ ምንም ሲያጣ፣
«ወለል የለውም» እያለ ሰፈሩን ሊያስደንቅ የወጣ።

ወለልማ ነበረው።
የወደቀበትን ሁሉ እያቀፈ ነው ዝም ያለው።

ከአንዷ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በምስማር ስም ተጭሯል፤
ሳ ፊቷን አዙራለች፤ ጣቱ ገና ያልጠና ልጅ ጽፏታል።
ፈይሳ።
አነሳኋት። ቀዝቃዛ ናት። መልሼ በቦታዋ አኖርኳት።
ከዚያ ገመዱን፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ አራቴ ሳብኩት።

ልወጣ ስል ከግራ በኩል ነፋስ ሽንጤን ዳሰሰኝ፤
ስንጥቅ ነው፣ ክንድ የሚያስገባ፤ ወደ ታች ይተነፍሳል መሰለኝ።
ጠጠር ጣልኩበት።
ቆጠርኩ፤ እስከ ሃያ፣ እስከ ሠላሳ፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ እንደዚያ ልጅ፣ እንደ ፈይሳ።
ምንም።

ላይ ስደርስ አቶ ምንውየለት እስክሪብቶውን አወጣ።
«እህ? ወለል አለው የለውም?» አፈሩን ሳላራግፍ መጣ።
«ገመዱ አለቀ» አልኩት።
አሥር ሜትር ያህል ዋሽቻለሁ፤ የቀረው እውነት ነው።
ፕላኑን ጠቀለለ። ሂሳቤን የሰጠኝ በግማሽ ነው።

«አራቴ ሳብክ እኮ» አለኝ ደቻሳ፣ ቁልቁል ወደ ቤት ስንሄድ።
ዝም አልኩት፤ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር በደረቁ መንገድ።
ኦቦ ፈይሳ ደጃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል።
ጠጋ ብዬ ጮህኩ፣ «ድንጋይዎ ደርሷል!»
«ምን?» አሉኝ፣ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው፣
ያን ጊዜ አፋፉ ላይ የቆመውን ልጅ ሆነው።