ታገሥ

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ቡችላ ሳለ ገና፤
ጣሳውን ሲያይ እየዘለለ፣ ወተቱን ይደፋውና፣
«ታገሥ!» ስለው፣ «ታገሥ!» ስለው፣ ቁጣው ስም ሆነና፣
ሰፈሩም በዚያው ጠራው፤ እሱም ለስሙ ታመነና
ዓመት ሳይሞላው ታጋሽ ወጣው።

ደብረ ብርሃን፣ ከበሬሳ ወዲህ፣ ውርጭ በሚያድርበት ሜዳ፣
በር ጠባቂ አደረግሁት፣ ለሌባም ለእንግዳ።
ሲነጋ በሰንሰለት አስሬ፣ ማታ በሦስት እፈታዋለሁ፤
ውሃውን በተቆረጠ ጀሪካን ሳልተኛ እሞላለሁ፤
ጠዋት በረዶ ሆኖ ሳገኘው፣ «ፀሐይ ታቀልጠዋለች» እላለሁ።
የታኅሣሥ ፀሐይ ግን እዚህ አገር እንደ ቀበሌ ሹም ናት፤
አርፍዳ ትገባለች፣ ሲፈልጓት ስብሰባ ናት።

«ምን ያለ ጨዋ ውሻ ነው!» ይሉኛል የሚያልፉ ሁሉ፣
«የተኛበትን አያረጥብ፣ ደጅህ ደረቅ ነው ቀኑን ሙሉ»፤
እኔም ደረቴን እነፋለሁ፣ ልጄ ማትሪክ ያለፈች ያህል።
ሲውል ምን ይዞ እንደሚውል
ማን ይጠይቃል?

አንድ ሌሊት ፈታሁት፤ ሮጠ ወደ ባሕር ዛፉ፤
እግሩን አነሣ፣ ቆመ፤ ቆመ። ይንሾካሾካል ቅርንጫፉ።
ወደ አጥሩ ሄደ፣ ተመለሰ፤ ጎበጠ፣ አማጠ፤
ጠብታ። ደግሞ ጠብታ። ወደ እኔ ዓይኑን አፈጠጠ።
ሲነጋ፣ ውርጩ ባነጣው ሣር ላይ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣
እንደ ተፈነጠቀ ድልህ፣ ነጠብጣቡ ቀይ።

ዶክተር ስንቅነሽ ሆዱን ዳሰሰች፣ ሽንቱን በጠርሙስ ቀዳች፣
«ስንት ሰዓት ይይዛል?» ብላ ቀና ሳትል ጠየቀች።
«ከንጋት እስከ ማታ ሦስት» አልኩ፣ «ጨዋ ነው፤ ስሙም ታገሥ»።
አልሳቀችም። ጓንቷን አወለቀች፣ ቀስ በቀስ።

«የተኛ ውሃ ይሸታል፤ ኩሬ አይተው አያውቁምን?
ፊኛም ኩሬ ነው ካልፈሰሰ፤ ጀርም ይራባል ቀን በቀን፤
አሸዋ ይጥላል፣ አሸዋው ጠጠር፤ ጠጠሩ በሩን ከዘጋ
ሦስተኛው ቀን ለዚህ ውሻ ምናልባትም ላይነጋ።
ኪኒኑን ይጨርስ፤ ተሻለው ብለው እንዳያቋርጡ ኋላ፤
ኪኒን ብቻውን ግን ምን ሊሆን፣ ሰንሰለቱ ካልላላ?
ይጠጣ፤ ይውጣ። ይኸው ነው።»

ይኸው ነው?
እኔ ለኦፕሬሽን የሚሆን ብር ተበድሬ ነበር።

ስንመለስ፣ በመንገድ ላይ፣ የራሴው ጎን ወጋኝ።
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ፤ የጣርማበር ዳገት ያውቀኛል፤
ሸዋ ሮቢት የጠጣሁት ውሃ እስከ ደብረ ብርሃን አብሮኛል፤
ከኋላ «ወራጅ አለ!» ሲሉ፣ ለሁሉም በሩን ስከፍት፣
መሪ የጨበጠው ሰውዬ ያፏጭ ነበር፣ ሊረሳ ሽንት።
በኋላ ሐኪሙ በፊልሙ ላይ፣ ባቄላ የምታህል ነጭ ነጥብ
በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳየኝ፣
«ታጋሽ ነዎት» አለኝ።
ምርቃት መስሎኝ «አሜን» ብያለሁ።

የታገሠ ይወልዳል ይላሉ።
እኛ የወለድነው ጠጠር ነው።

አሁን ሰንሰለቱ ከምስማሩ ላይ ዝጎ ተንጠልጥሏል።
በረዶውን በተረከዜ ሰብሬ፣ ለብ ያለ ውሃ እቀዳለሁ፤
ከቀትር በፊትም፣ ከቀትር በኋላም፣ ጎድሎ እንደሆን አያለሁ።
ሌሊት በሩን ሲቧጥረው፣ ካፖርቴን እየጎተትኩ
«ወራጅ አለ!» እላለሁ፤ ቀኝ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል በልማዱ።
ባሕር ዛፉ ሥር እንቆማለን፣ ጀርባችንን ሰጥተን ለነፋሱ፣
እኔ በኩሌ፣ እሱ በራሱ፤
ከሁለታችንም እንፋሎት ይነሣል፤
ጎረቤቴ ወይዘሮ አጸደ በመስኮት አይታን መጋረጃዋን ትስባለች።

ስሙን አልቀየርኩትም፤ ለምዶታል።
ብቻ አሁን «ታገሥ!» ስል
ቀድሞኝ ነው የሚወጣው።