ዘጠነኛው አጀንዳ

ደብዳቤው አጭር ነው፣ ሦስት መስመር ይሆናል፦
«ለእናቶች ጤና ኮሚቴ አዋቅረናል፤
ከሙያ ማኅበራት አንድ ሰው ፈልገናል፤
ተስማምታችሁ ላኩ፣ እስከ ዓርብ ቀን ሰጥተናል።»

ሱቫ ላይ ዝናብ ነው፣ ከእሑድ ጀምሮ፤
ማንም ማንን አይሰማ፣ ሲጮህ ቆርቆሮ።
እኔ ጸሐፊው ነኝ። እርሳሴን ቀርጬ፣
የተባለውን ሁሉ ልጽፍ ተቀምጬ፣
አራት ማኅበር ቆጠርኩ፣ አራት ሊቀመንበር፣
ከመሃል አንዲት ባዶ የፕላስቲክ ወንበር።

ኢኖኬ ተነሣ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
«ነርስ ሁለት ሺህ ነው» አለ፣ ድምፁን አድርጎ
ከዝናቡ በላይ።
«በቁጥርማ ቢሆን» አለች ኡናይሲ፣ «ዓሣ በገዛን!
ወንበሩ የእናት ነው፤ አዋላጆች እያለን
ለነርስ ማን ሰጠው?»
«የትኛው አዋላጅ?» አለ ከጎኗ አንዱ በቁጣ፣
«የእኛ ማኅበር ነው ከእናንተ ቀድሞ የወጣ!»
(ሁለቱም ማኅበር ናቸው፤ ባንድ ስም ይጠራሉ፤
አምና በማኅተም ተጣልተው ተከፈሉ አሉ።)
ሻይሌሽ ፋርማሲስቱ፣ ዝምተኛ የመሰለ፣
ደንብ አወጣ ከቦርሳው፤ «አንቀጽ አሥራ አንድ» አለ።
አንቀጹ ሲነበብ አንዱም አልገባኝ፤
ያነበበው ሰውዬም የገባው አልመሰለኝ።

«በተራ እንቀመጥ።» መጀመሪያ ማን ይሁን?
«በፊደል ተራ።» በየትኛው ቋንቋ ይሁን?
«ዕጣ እንጣል።» ባርኔጣውን ማን ይያዝ?
ባርኔጣም ተገኘ። የሚይዘው እጅ ጠፋ።

ሻይ ሲመጣ ብቻ ሳይመክሩ ተስማሙ፤
ብስኩት ተዟዟሩ፣ የራግቢውን ዳኛ አሙ።
ከዚያ እንደገና ውኃ ቅዳ፣ ውኃ መልስ፤
ደጁም ውኃ ነበር።

ከበሩ አጠገብ፣ ጃንጥላዋን እንደ ልጅ አቅፋ፣
ሎሳሊኒ አለች፤ ከካዳቩ ደሴት ሌሊቱን ተንሳፍፋ
የመጣች አዋላጅ። ጫማዋን ጨው ነክሶታል።
ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ከተራ ቁጥር ዘጠኝ፣
«ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ተጽፏል፦
የጤና ጣቢያዋ ፍሪጅ ከመጋቢት ወዲህ ሞቷል።
ያ ደም የሚያቆም መርፌ፣ ከሙቀት የተጣላ፣
እናት ስትደማ የሚወጋው፣ ከወለደች በኋላ፣
በባልዲ ውኃ ውስጥ ያድራል።

አንዴ እጇን አነሣች።
«የማን አባል ነሽ?» አላት ኢኖኬ፣ በደግ ድምፅ፤ እውነት በደግ ድምፅ።
አሰበች። መዋጮ ካቋረጠች ሦስት ዓመት አልፏታል፤
አዋላጆች ሲከፈሉ የትኛው ዘንድ እንደደረሰች
የነገራት የለም።
«የካዳቩ ነኝ» አለች።
ሳቁ። በክፋት አልነበረም።
እኔም ጻፍኩ፦ «አንዲት እንግዳ ተገኝታለች።»

ዘበኛው መብራቱን አጠፋ፣ መልሶ አበራ፣
«ጀልባ የሚይዝ ካለ ይፍጠን» ብሎ ተጣራ።
አራት ስም በአራት ፖስታ ታሸገ፤
እያንዳንዱ ከላዩ «የጋራ ምርጫችን» የሚል አደረገ።
(ሰኞ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነበር፦
«ባለመስማማታችሁ ታጥፏል ያ ወንበር።»)

ያን ምሽት ግን ወደቡ ጋ ስደርስ አየኋት፤
ዓሣ ገበያው ጫፍ ላይ፣ መዶሻ የያዘ ወጣት
በረዶ ይቀጠቅጥላታል።
ከከተማው ሆስፒታል የለመነችውን አሥር ብልቃጥ
በፎጣ ጠቅልላ፣ ቱና ሲተኛበት በዋለው በረዶ መሃል
አንድ በአንድ ታስገባለች።
«እስከ ካዳቩ ይደርሳል?» አልኳት።
«ባሕሩ ካልተቆጣ» አለች፣ ሳጥኑን በገመድ እያሰረች።
ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ወይም አላወቀችኝም።

ደብተሬ ብብቴ ሥር ነው፤ ዝናብ አልነካውም።
ዘጠነኛው አጀንዳ፦ «በጊዜ ማነስ ምክንያት
ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።»
የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ሁሉም ይሉኛል።